ያልባከነው የቲም፦ ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ



የዛሬው ጽሑፌ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በካይሮ ስለኖሩ፣ የዘር መነሻቸው ግን ከእኛው ምድር ስለሆነ አንድ ታላቅ ዓሊም ነው። ስለ እሳቸው እንድጽፍ ያነሳሳኝ በገላፊ ያገኘሁት አንድ ልጅ ስለሆነ ከልጁ ልጀምር።

ለሥራ ጉዳይ ከሰመራ ተነስቼ በሰርዶና በዲቼቶ በኩል አድርጌ ወደ ጅቡቲ ድንበር ወርጄ ነበር። ገላፊን ያየ ያውቃታል። ከወደብ የሚመጡና ወደ ወደብ የሚወርዱ ባለ ተሳቢ መኪኖች ተሰልፈው ይቆማሉ። ሹፌሮቹም ወረቀታቸው እስኪያልቅላቸው ድረስ ምንጣፍ ዘርግተው መኪናቸው ሥር ይጋደማሉ። ፀሐዩ ከላይ፣ ወላፈኑ ከታች ነው። እኔም እንደነሱ አንድ ተሳቢ ጥላ ተጠግቼ ተቀምጬ ሳለሁ ውሃ የሚሸጥ፣ ዕድሜው ከ12 ወይም ከ13 የማያልፍ የአፋር ልጅ ዐይኔን ሳበው።

ልጁ ከመንገዱ ፈንጠር ብሎ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት መሬት ላይ ተክሏል። ውሃ ሸጦ በተመለሰ ቁጥር የእንጨቱ ጥላ ጫፍ ያረፈበት ቦታ ላይ ጠጠር ያስቀምጣል። ምን እየሠራ እንደሆነ ስጠይቀው፣ ዙሁር መግባቱን ለሹፌሮቹ የሚነግራቸው እሱ መሆኑን አስረዳኝ። ጥላው እያጠረ ይሄድና መልሶ መርዘም ሲጀምር ያን ጊዜ ፀሐይ ከመሀል ሰማይ አዘንብላለች ማለት ነው። ሹፌሮቹ በእጅ ስልካቸው ሰዓቱን ማየት ቢችሉም ከልጁ ጋር መከራከር ስለሚወዱ ዘወትር ይጠይቁታል አሉኝ።

ይህን ማንኛውም ከብት ጠባቂ ያውቀዋል ትሉ ይሆናል፤ እውነት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ልጁ ቀጥሎ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። በበጋው ወራት የቀትር ጥላ ወደ ቂብላ በኩል ይወድቃል። ከሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን ዞሮ ጀርባውን ለቂብላ ይሰጣል። ይህ ለምን እንደሚሆን ጠየቀኝ። በሁለቱ መካከል ደግሞ እንጨቱ ጭራሽ ጥላ የሌለው የሚመስልበት ቀን እንዳለ ነገረኝ። ይህን ከማንም አልሰማውም፤ ጠጠሩን ሲያስቀምጥ ከርሞ ራሱ ያገኘው ነው።

መልሱን አላወቅሁትም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በዲግሪ የተመረቅሁ፣ ብዕር ይዤ የምኖር ሰው ነኝ፤ ግን አላወቅሁትም። ልጁም ከፊቴ አንብቦ ዝም አለ። ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ እንዳቋረጠ የነገረኝ ከዚያ በኋላ ነው። መኪና መጣና ውሃውን ይዞ ሮጠ።

እኔም በልጅነቴ ጎበዝ እየተባልኩ ያደግሁ ነኝ። ጎበዝ ተማሪ መሆን ከውጭ ሲያዩት ደስታ ብቻ ይመስላል። አንደኛ ትወጣለህ፣ ይጨበጨብልሃል፣ እናትህ በጎረቤት ፊት ቀና ብላ ትሄዳለች። ከውስጥ ሲሆን ግን ሌላ ነገር አለው። አስተማሪው ሒሳቡን ጽፎ ሳይጨርስ መልሱ ይታይሃል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ የምታሳልፈው ሌላው እስኪደርስ በመጠበቅ ነው። እጅህን ስታወጣ ለሌላውም ዕድል ስጥ ትባላለህ። አንድ አስተማሪዬ ከመጽሐፉ ያለፈ ጥያቄ ስጠይቃቸው ጊዜ ክፍሉን ሁሉ አሳቁብኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄዬን መዋጥ ተማርኩ። አንደኛ መውጣቴን አላቆምኩም፤ መጠየቄን ግን አቆምኩ። ይህ ዓይነቱ ኪሳራ በሰርተፊኬት ላይ አይጻፍም።

ገላፊ ላይ የዚያን ልጅ ፊት ሳይ ትዝ ያሉኝ ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ ናቸው፤ አላህ ይዘንላቸው። እሳቸውም በልጅነታቸው የጥላን ነገር የሚወዱ፣ አባት የሌላቸው የቲም ነበሩ። ነገር ግን አልባከኑም። ለምን እንዳልባከኑ ማወቅ ይጠቅመናል።

የቤተሰቡ ስም ራሱ መነሻቸውን ይናገራል። ጀበርት በጥንት የዐረብ ጸሐፍት ዘንድ በይፋትና በዘይላዕ በኩል ያለውን የሐበሻ ሙስሊሞች አገር የሚያመለክት ስም ነው። በኋላም ከዚህ ምድር ለሚሄዱ ሙስሊሞች ሁሉ መጠሪያ ሆነ። የቤተሰቡ አባት ዐብዱረሕማን የሚባሉ ሰው ሲሆኑ፣ በ10ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ማለትም በ1500ዎቹ መጀመሪያ ገደማ (እ.ኤ.አ.) አገራቸውን ለቀው በባሕር ጂዳ ወረዱ። መካ ገብተው ሐጅ አደረጉ፣ መዲና ተቀመጡ፣ ከዚያም ወደ ካይሮ ተሻግረው አል-አዝሃር ገቡ። እግራቸው ዛሬ ገላፊ ያለችበትን አሸዋ ረግጧል አልልም። ነገር ግን ከደጋው ወደ ባሕር የሚወርድ ብዙ ሰው በዚህ ቆላ ያልፍ ነበር። ጨው ጫኝም፣ ነጋዴም፣ ሐጃጅም፣ ዕውቀት ፈላጊ ደረሳም የወረደው በዚሁ በረሃ ነው።

በአል-አዝሃር መስጊድ ውስጥ ከየአገሩ ለሚመጡ ደረሶች የተለየ ማደሪያና መማሪያ ነበር፤ ሪዋቅ ይባላል። የሶሪያው ለብቻው፣ የመግሪቡ ለብቻው፣ የቱርኩም ለብቻው ነበር። የእኛም አገር ሰዎች የጀበርቶች ሪዋቅ የሚባል ነበራቸው። ደረሳው እዚያ ያድራል፣ የዳቦ ድርሻውን ይቀበላል፣ የአገሩን ቋንቋ የሚናገር ሰው ያገኛል። ዐብዱረሕማን የዚህ ሪዋቅ ሸይኽ ሆኑ። ኃላፊነቱም ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ በቤተሰቡ ውስጥ ቆየ።

ሸይኽ ሐሰን የተወለዱት በ1110 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1698/99) ነው። ስማቸው የአያታቸው የሸይኽ ሐሰን ስም ነው። በተወለዱ በአንድ ወራቸው አባታቸው ሸይኽ ኢብራሂም ሞቱ። ይህ የዓሊም ቤት ታሪክ በዚህ ሊያበቃ ይችል ነበር። የአንድ ወር ጨቅላ ሪዋቅ አይመራም፣ ኪታብ አይጠብቅም፣ ርስቱንም ከዘመድ አያስከብርም።

ነገር ግን ሦስት ሰዎች ቆሙላቸው። አንደኛዋ እናታቸው ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ የአባታቸው እናት ናቸው። እኚህ አያት ሀብት ነበራቸው። ሀብታቸውን በከንቱ ሳይበትኑ ወቅፍ አድርገው ለልጅ ልጃቸው አሰሩት። በአል-አዝሃር አጠገብ በሰናዲቂያ ሰፈር የነጋዴዎች ማረፊያና መጋዘን፣ ከጎኑም ሱቆች፣ በሌላም ሰፈር ቤት ነበራቸው። የዚህ ሁሉ ኪራይ ልጁን አስተማረ። ሦስተኛው ሞግዚት ሆነው የተሾሙት ሸይኽ ሙሐመድ አን-ነሸርቲ ናቸው፤ በዘመኑ የአል-አዝሃር ሸይኽ የነበሩ ትልቅ ዓሊም ናቸው። የሪዋቁ ሹመት በሕፃኑ ስም እንዲጸና ተደርጎ ሥራውን ሞግዚቱ እየመሩ ልጁ አደገ። የአንድን የቲም ወንበር ሳይቀሙ ጠብቀው ያቆዩለት እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሩ።

ሐሰን በ10 ዓመታቸው ቁርኣንን በቃላቸው ሐፍዘው ጨረሱ። ወዲያው መትን የሚባሉትን አጫጭር መማሪያ ኪታቦች ወደ መሐፈዝ ገቡ። በነሕው የኢብኑ ማሊክን አልፊያ፣ በተውሒድ ጀውሀራን፣ በመንጢቅ ሱለምን፣ በውርስ ሕግ ረሕቢያን፣ በሐነፊ ፊቅህ ደግሞ ከንዙ ደቃኢቅን ያዙ። እዚህ ላይ ለእኛ ልብ የሚነካ ነገር አለ። ይህን ከንዝ የተባለውን ኪታብ ካብራሩት ሸርሆች መካከል በጣም ከታወቁት አንዱን የጻፉት በ743 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ፈኽሩዲን ዑስማን አዝ-ዘይለዒ ናቸው። በ762 የሞቱትና የሐዲስ ሊቅ የሆኑት ጀማሉዲን ዐብደላህ አዝ-ዘይለዒም ከዚያው ከዘይላዕ የመጡ ናቸው። ሕፃኑ ሐሰን ካይሮ ተቀምጠው ከንዝን ሲሐፍዙ፣ ከእሳቸው በፊት ከዚሁ ባሕር ዳርቻ የሄዱ የአገራቸው ልጆች ብዕራቸውን ያኖሩበትን መንገድ መከተላቸው ነበር።

በ13 ዓመታቸው የሆነው ነገር፣ ልጃቸው ዐብዱረሕማን ኋላ ስለ አባታቸው ከጻፉት ሁሉ ለእኔ ትልቁ ነው። ሐሰን ከአገልጋያቸው ጋር በአል-አዝሃር መንገድ ሲያልፉ ፊታቸው የበራ፣ ሰው ሁሉ እጃቸውን ሊስም የሚጋፋባቸው አንድ ሽማግሌ አዩ። ማን እንደሆኑ ቢጠይቁ ሸይኽ ሐሰን አሽ-ሹሩንቡላሊ መሆናቸው ተነገራቸው። ልጁም እንደ ሌላው ሰው እጃቸውን ሊስሙ ቀረቡ። ሽማግሌው ግን እጁን ይዘው ቆሙ፣ ፊቱን ትኩር ብለው አዩ፣ የማን ልጅ እንደሆነም ጠየቁ። የጀበርቲ ልጅ መሆኑን ሲሰሙ በመልኩ እንደጠረጠሩ ገልጸው፣ እሳቸው በልጁ አያት ዘንድ እንደቀሩ፣ የልጁም አያት በእሳቸው አባት ዘንድ እንደቀሩ ነገሩት። ከዚያም ልጁ መጥቶ ከእሳቸው ዘንድ አንድ ነገር እንዲቀራ፣ ኢጃዛም እንዲሰጡትና የልጅ ልጆች ከአያቶቻቸው ሰንሰለት ጋር እንዲያያዙ ፈለጉ። ሐሰንም ሄደው ኑሩል ኢዷሕ የተባለውን፣ የሽማግሌው አባት በዒባዳ ፊቅህ ላይ የጻፉትን ኪታብ ቀሩ፤ ኢጃዛውም በ1123 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1711) ተጻፈላቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ሳስብ፣ ሽማግሌው ልጁን መርቀውት ቢያልፉ ማንም አይነቅፋቸውም ነበር። ሰው ይጋፋቸዋል፣ ደክመዋል፣ ዕድሜያቸው ገፍቷል። እሳቸው ግን ቆሙ፤ ጠየቁ፤ ና ቅራ አሉ። ጎበዝ ልጅ ከጭብጨባ ይልቅ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ቆሞ የሚጠይቀውና ጊዜውን የሚሰጠው ሰው ይፈልጋል።

ሐሰን ወጣት ሲሆኑ በሐነፊ ፊቅህ ፈትዋ እስከ መስጠት ደረሱ። የንግድ ሥራም ነበራቸው። ነገር ግን ልባቸው በሌላም ነገር ተያዘ፤ በሒሳብ፣ በጂኦሜትሪ፣ በከዋክብት ጉዞና በሰዓት አቆጣጠር ተማረኩ። ችግሩ በዚያ ዘመን በአል-አዝሃር እነዚህን ዕውቀቶች ጠልቆ የሚያስተምር ሰው ብዙ አለመኖሩ ነው። ጎበዝ ተማሪ ብቸኝነት የሚሰማው እዚህ ላይ ነው። ኪታቡ በእጁ አለ፣ ፊደሉን ያነበዋል፣ ሥዕላዊ ቅርጹንም ያየዋል፣ ግን የሚያስረዳው የለም። ሐሰን የሚያውቀውን ሰው ሁሉ እያሳደዱ ከአንዱ አንድ ምዕራፍ፣ ከሌላው ሌላ ምዕራፍ ለቀሙ። ፋርስኛና ቱርክኛም ተማሩ፤ ምክንያቱም የፈለጉት ዕውቀት ከፊሉ በእነዚያ ቋንቋዎች ተጽፎ ስለነበር ነው። የእጅ ጽሕፈትንም ከባለሙያ ተማሩ።

በ1144 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1731/32) ገደማ ሑሳሙዲን የተባሉ የህንድ ሊቅ ካይሮ ገቡ። እኚህ ሰው በሒሳብና በፍልስፍና የበረቱ ነበሩ። ሐሰን ወሬውን ሲሰሙ ሄደው አገኟቸው፤ ወደ ቤታቸው ወስደው ቦታ ለዩላቸው፣ አስተናገዷቸው፣ ከእሳቸውም የጠፈርና የጂኦሜትሪ ኪታቦችን ቀሩ። ያን ጊዜ ሐሰን ከ30 ዓመት ያለፉ፣ የራሳቸው ደረሶች ያሏቸው፣ የተከበሩ ሸይኽ ነበሩ። ነገር ግን አንድ እንግዳ ፊት እንደ ደረሳ ተንበርክኮ መቀመጥ አላሳፈራቸውም። ለጎበዝ ሰው ከባዱ ፈተና ይህ ይመስለኛል፤ ሁሉ ሊቅ ሲለው አላውቅም ብሎ መነሳት።

የተማሩትንም በእጃቸው ሠሩት። እብነ በረድ ጠርበው የጥላ ሰዓት አበጁ፤ አንዱ በአል-አዝሃር፣ ሌላው በኢማም አሽ-ሻፊዒ መስጊድ ተተከለ። የጥላ ሰዓት ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ። ዙሁር የሚገባው ፀሐይ ከመሀል ሰማይ ስታዘነብል ነው። ዐስር የሚገባው ደግሞ፣ የቀትሩ ጥላ ሳይቆጠር፣ በሻፊዒዮች ዘንድ የአንድ ነገር ጥላ ቁመቱን ሲያህል፣ በኢማም አቡ ሐኒፋ ዘንድ ደግሞ ሁለት እጥፍ ሲሆን ነው። የቀትሩ ጥላ ርዝመት ግን በየቀኑ ይለያያል። ስለዚህ በድንጋዩ ላይ የሚሰመረው መስመር የዓመቱን ቀናት ሁሉ የሚያገለግል መሆን አለበት። ለዚህ የሦስት ማዕዘን ስሌትም፣ የቦታውን ኬክሮስ ማወቅም፣ የጠራቢ እጅም ያስፈልጋል። እሳቸው ሦስቱንም ነበራቸው።

ብዙ ሳይቆይ አንድ ነገር ሆነ። በ1161 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1748) አሕመድ ፓሻ የተባለ የዑስማንያ መንግሥት አገረ ገዢ ግብፅ ገባ፤ ሒሳብ የሚወድ ሰው ነበር። የአል-አዝሃር ሸይኽ የነበሩትን ዐብደላህ አሽ-ሸብራዊንና ሌሎችን ዓሊሞች በሒሳብ ሲያወያያቸው ይህ የእነሱ ሙያ አለመሆኑን ነገሩት። ፓሻው በዕውቀቷ በታወቀች አገር ይህ መጥፋቱ ገርሞት ወቀሳቸው። ሸብራዊ ግን በከተማው እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ ጠቁመው የሸይኽ ሐሰንን ስም ሰጡት። ፓሻውም አስጠራቸው፣ አከበራቸው፣ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ እንዲያስተምሩት አደረገ። ሸብራዊ ከዚያ በኋላ ሸይኽ ሐሰንን ባገኟቸው ቁጥር በዚያ ሰው ፊት የሁላችንንም ነውር ሸፈኑልን እያሉ ያመሰግኗቸው እንደነበር ልጃቸው ጽፈዋል። ልብ በሉ፤ ያ ከ50 ዓመት በፊት የአንድ ወር የቲም የነበረው ሕፃን ዛሬ የአል-አዝሃርን ክብር የሚያድን ሆነ።

ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1159 (እ.ኤ.አ. 1746)፣ ከአውሮፓ የመጡ ተማሪዎች ጂኦሜትሪ ቀርተውባቸዋል። ከአገራቸው የሠሯቸውን መሣሪያዎችም በስጦታ አበርክተውላቸዋል። ልጃቸው እንደጻፉት እነዚያ ሰዎች የተማሩትን ይዘው ሄደው ነፋስ ወፍጮና ከባድ ነገር መጎተቻን የመሰለ ሥራ ላይ አዋሉት። አውሮፓ በዚያን ጊዜ የራሷ ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት እንደነበሯት የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ነገሩን አናጋንን። ነገር ግን አንድ ነጥብ አለበት። የዕውቀት ነገር መወረስ ብቻ አይደለም፤ ወደ ሥራ የሚለውጠው ያገኘዋል፣ ሸሽጎ ያስቀመጠው ያጣዋል። ታሪክ ጸሐፊው ልጅ ይህን የጻፉት በቁጭት ይመስለኛል።

ሸይኽ ሐሰን ግን በእጃቸው ያለውን ሥራ ላይ አዋሉት። በ1172 (እ.ኤ.አ. 1758/59) በካይሮ ገበያ የሚዛን መዛባት ሲበዛ፣ ብረት ቀጥቃጮችንና አንጥረኞችን ሰብስበው፣ ከራሳቸው ገንዘብ አውጥተው፣ ትንሽና ትልቅ የሚዛን ድንጋዮችን በትክክል አስቀረጹ። ታዋቂ መዛኞችንም ጠርተው የተሳሳቱበትን አሳዩአቸው፤ ስለ ሚዛንም ኪታብ ጻፉ። ጂኦሜትሪ ስንቱን ከሰማይ አውርዶ በሽንኩርት ሻጭ ሚዛን ላይ እንደሚያስቀምጠው ያየ ሰው ዕውቀትን በሃይማኖታዊና በዓለማዊ ከፍሎ አይጣላም። ሚዛንን ማስተካከል ቁርኣን ያዘዘው ነገር ነውና።

ኪታቦቻቸውን በተመለከተ የተጻፈው ደግሞ ሳነበው ያስቀኝና ያሳዝነኝ ነበር። በቤታቸው አንድ ቦታ ለይተው የአል-አዝሃር ደረሶች የሚቀሩባቸውን ኪታቦች አኖሩ። ደረሳው ሳያስፈቅድ ገብቶ ይወስዳል፣ ይለውጣል። አንዱ ወስዶ አይመልስም፤ አንዱ ገጾቹን ይጥላል፤ አንዱ ከአገር ሲወጣ ለሌላ ትቶት ይሄዳል። እንዲህ እያለ ብዙው ኪታብ ጠፋ። እሳቸው ግን በሩን አልዘጉም። መልስ ፍለጋ ከሰው ደጅ ለሰው ደጅ የተንከራተተ ልጅ አድጎ ሊቅ ሲሆን ሌላው እንዲንከራተት አይወድም፤ ቢያንስ እሳቸው አልወደዱም።

ሕይወታቸው ሐዘን አላጣውም። ከ40 በላይ ልጆች ወልደው ሁሉም ለአቅመ አዳም ሳይደርሱ ሞቱ። አንድ ብቻ ተረፈ፤ በ1167 (እ.ኤ.አ. 1753) የተወለደው ዐብዱረሕማን። ሸይኽ ሐሰን በሰፈር ወር 1188 (እ.ኤ.አ. 1774) ሲሞቱ ልጃቸው የሃያ ዓመት ወጣት ነበር። ዐብዱረሕማን አድገው የግብፅን ታሪክ ዐጃኢቡል አሣር በተባለው መጽሐፋቸው ጻፉ። በ1798 የናፖሊዮን ጦር ካይሮ ሲገባም በዐይናቸው አይተው መዘገቡ። ዛሬ ዓለም ጀበርቲ ሲል የሚያስታውሰው እሳቸውን ነው። ስለ አባታቸው የምናውቀውንም ያገኘነው ከዚያው መጽሐፍ ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ሸይኽ ሐሰን ለምን አልባከኑም? ተሰጥዖ ስለነበራቸው ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ተሰጥዖ አላህ ለፈለገው የሚሰጠው ነው፤ በካይሮም ይሰጣል፣ በአውሳም ይሰጣል፣ በኬላ ዳር ውሃ ለሚሸጥም ይሰጣል። የሚለየው በዙሪያው ያለው ሰው ነው። አንድ አያት ሀብታቸውን አሰሩላቸው። አንድ ሞግዚት ወንበራቸውን ጠበቁላቸው። የአገራቸው ሰዎች ከ200 ዓመት በፊት ያቆሙት ሪዋቅ ጣራ ሆናቸው። አንድ ሽማግሌ መንገድ ላይ ቆመው ና ቅራ አሏቸው። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል፣ ያ ሕፃን በሰናዲቂያ ገበያ ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ፣ በትርፍ ጊዜው ጥላ ሲለካ የሚስቁበት ሰው ሆኖ ይቀር ነበር።

እኛ ግን ጎበዝ ልጅ ስናይ ማሻአላህ እንላለን፤ ጥሩ ነው። ራሱን እንነካና እናልፋለን። ሰርግ ስንደግስ ስንት በግ እንደምናርድ እናሰላለን፤ ከሰርጉ ወጪ ላይ አንዲት መደርደሪያ ኪታብና መጽሐፍ ወቅፍ ማድረግ ግን ትዝ አይለንም። መድረሳውም ትምህርት ቤቱም ብዙ ልጅ ስለሚይዝ የፈጠነውን ለብቻው ማየት ይከብደዋል፤ ይህን እረዳለሁ። ስለዚህ ሸክሙ በመምህራን ላይ ብቻ አይጣል። በየከተማው ያለ መሐንዲስ፣ ነርስ፣ የሒሳብ ተመራቂ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ለአንድ ልጅ ቢሰጥ ያ ሰዓት የሹሩንቡላሊ መቆም ነው።

እኔም የድርሻዬን ለመሞከር ያህል አዲስ አበባ ስመለስ የሒሳብ አስተማሪ የሆነ ወዳጄን ጠየቅሁ። መልሱ ይህ ነው። ፀሐይ በዓመት ውስጥ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 23 ዲግሪ ተኩል ያህል፣ ወደ ደቡብም ያንኑ ያህል ትመላለሳለች። ገላፊ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ11ኛውና በ12ኛው ዲግሪ መካከል ናት። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትጓዝ በሚያዝያ አጋማሽ ገደማ በገላፊ አናት ላይ ታልፋለች፤ ጥላም ይጠፋል። ከዚያ በስተሰሜን ሆና ስለምታበራ ጥላው ወደ ደቡብ ይዞራል። በሰኔ ወር ተመልሳ ጉዞዋን ወደ ደቡብ ትጀምርና በነሐሴ አጋማሽ እንደገና አናት ላይ ታልፋለች። ካይሮ ግን 30ኛው ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ አናቷ ላይ ደርሳ አታውቅም፤ የቀትር ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው። ስለዚህ የገላፊው ልጅ ያየውን ነገር ሸይኽ ሐሰን በካይሮ ጣራ ላይ ሆነው ሊያዩት አይችሉም ነበር፤ በስሌት እንጂ። የቤተሰቡ አባት ለቀው የሄዱት ሰማይ ነው።

ይህን በቀላል አማርኛ ጽፌ፣ ሥዕል አክዬበት፣ ከአንድ ደብተርና ማስመሪያ ጋር በአንድ ሹፌር እጅ ላክሁለት። አፋር አገር ወሬ በዳጉ እንደሚደርስ ታውቃላችሁ፤ መንገደኛ ሲገናኝ የሰማውንና ያየውን ሳይለዋውጥ አያልፍም። ሦስት ሳምንት ቆይቶ የልጁ መልስ በዚያው ሹፌር በኩል ደረሰኝ። ደብተሩን ተቀብሏል። ጥላው ከሚጠፋበት ከመጀመሪያው ቀን እስከ ሁለተኛው ያለው ጊዜ አጭር ሆኖ፣ ከሁለተኛው እስከሚቀጥለው ዓመት ያለው ለምን ረጅም እንደሆነ ደግሞ ጠይቋል። ቀኑን በጠጠር መቁጠር መጀመሩንም ሹፌሩ ነግሮኛል።

ይህን ጥያቄ ወዳጄ እየሠራበት ነው። ከዚያ ወዲያ ለሚመጣው ጥያቄ ግን በሹፌር የሚላክ ወረቀት አይበቃም። ልጁ አጠገቡ የሚቀመጥ መምህር፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚመልሰው ቤተሰብ፣ ውሃ ሳይሸጥ የሚያድርበት እንጀራ ያስፈልገዋል። በሰመራ፣ በሎጊያ፣ በአዋሽ፣ በአዲስ አበባ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ በሰፈራችሁ እንዲህ ያለ ልጅ አይታችሁ ከሆነ አትለፉት። ቁሙና የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቁት።